ሜን ውስጥ የባሕር አረም ለማልማት በሰው ፈቃድ ገንዘብ ላስገባ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜን ግዛት፣ ፖርትላንድ ነው። ጥገኝነት አግኝቼ ግሪን ካርድ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሎብስተር የሚያጠምድ ፈረንጅ ወዳጅ አለን። በክረምት ኬልፕ የሚሉትን የባሕር አረም በገመድ ላይ ያለማል። «ገንዘብ አምጡ፣ በእኔ ፈቃድ አብረን እንሥራ፣ ትርፉን እንካፈል። መንግሥትም ይደግፋል» አለን። ከባለቤቴ ጋር 15,000 ዶላር ቆጥበናል። እንስጠው? ዜጋ ሳልሆንስ መንግሥት ይደግፈኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን ለጊዜው አይስጡት። ሰውየውን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው።

ሜን ውስጥ ባሕር ላይ ለማልማት ከግዛቷ የባሕር ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ትንሹ ፈቃድ ኤልፒኤ ይባላል። የሚሸፍነው 400 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 37 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለአንድ ረጅም የኬልፕ ገመድ ይበቃል። ፈቃዱ የሚሰጠው በግለሰብ ስም ነው። የእርስዎ ገንዘብ በእሱ ስም ባለ ገመድ ላይ ከዋለ፣ ነገ ብትጣሉ ወይም እሱ ሥራውን ቢተው፣ ገንዘብ ስላወጡ ብቻ ፈቃዱ ወደ እርስዎ አይዞርም። በቃል የተስማማችሁትን ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስረዳት ከባድ ነው።

የመንግሥት ድጋፍም የሚሄደው እርሻውን ራሱ ለሚያካሂደው ሰው ነው። በፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ማይክሮሎን የሚባል አነስተኛ ብድር ይሰጣል። የውኃ ውስጥ ተክልና አልጌ ማልማትም እንደ እርሻ ይቆጠራል። ዜግነት ግዴታ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተሰጠው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባም ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ ግን በዚያ ብቻ ለብድሩ ብቁ አይሆንም። ይህን የምጨምረው ለሌሎች አንባቢዎች ነው፤ እርስዎን አይመለከትም።

ታዲያ ብድር ብድር ነው፣ ይመለሳል። ሌላ ቦታ ብድር ማግኘት አለመቻልዎንና ሥራውን መምራት እንደሚችሉ ማሳየትም አለብዎት። ምርቱን አድርቆ ወይም አዘጋጅቶ ለመሸጥ የሚሰጥ የፌዴራል ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ ድጎማ አለ። እሱም ቢሆን ከራስዎ ወገን እኩል መጠን ያለው መዋጮ ይጠይቃል። «መንግሥት ይደግፋል» ሲባል በነፃ ይሰጣል ማለት አይደለም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ኤልፒኤውን በራስዎ ስም ያውጡ። አንድ ሰው እስከ አራት መያዝ ይችላል፣ ስለዚህ የወዳጅዎን አይነካበትም። ከእሱ ጋር የሚያስፈልግዎ ውል የጀልባና የጉልበት ነው፦ በቀን ስንት ይከፈለዋል፣ ገመዱ የማን ነው፣ ምርቱ ቢጠፋ ኪሳራው በማን ላይ ነው። ይህን በጽሑፍ ያድርጉት። ከማመልከትዎ በፊት የአካባቢውን ሐርበር ማስተር፣ ማለትም የወደቡን ኃላፊ ያነጋግሩ። ጀልባ የሚያልፍበት ወይም ሎብስተር የሚጠመድበት ቦታ መርጠው ከሰው ጋር መጣላት ዋጋ ያስከፍላል።

ቀኑንም ይያዙ። ኤልፒኤ ታኅሣሥ 31 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያበቃል። ኬልፕ ግን የሚዘራው በመኸር፣ የሚሰበሰበው በፀደይ ነው። ፈቃዱ የሚያልቀው ተክሉ ውኃ ውስጥ እያለ ስለሆነ አስቀድመው ያሳድሱ።

ሥራው ከቀናዎት ወደ ሊዝ፣ ማለትም የባሕር ቦታውን ለዓመታት ወደ መከራየት ማደግ ይቻላል። የሙከራው እስከ 4 ኤከር ለ3 ዓመት፣ መደበኛው እስከ 100 ኤከር ለ20 ዓመት ነው። መደበኛው ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ጎረቤትና ዓሣ አጥማጅም ተቃውሞ ማሰማት ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። «እስከዚያው ከድንጋዩ ላይ እንቁረጥ» ቢላችሁ እሺ አይበሉ። በ2019 የሜን ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ባሕሩ ሞልቶ በሚጎድልበት ዳርቻ ላይ የሚበቅለው ሮክዊድ የሚባለው አረም የባለመሬቱ ንብረት ነው ብሏል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መቁረጥ ክስ ያመጣል።

በዚህ ሳምንት ወዳጅዎ የፈቃዱን ወረቀት ያሳይዎት። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ካርታ ላይ ቦታውንና ስሙን ያመሳክሩ። ወረቀቱን ለማሳየት ካንገራገረ፣ 15,000 ዶላሩ ባንክ ውስጥ ይቆይ።