እርግዝናዬ ሲታይ «ውልሽ አልቋል» ተባልኩ

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በአንድ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን በለቀማ ሥራ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። በየ3 ወሩ አዲስ ውል እንፈርማለን እንጂ ሥራው ተቋርጦ አያውቅም፤ ክረምትም በጋም ሰፌዴን ይዤ እቀመጣለሁ። ከ2 ወር በፊት እርግዝናዬ መታየት ሲጀምር ተቆጣጣሪው «ውልሽ አልቋል» አለኝ፤ ጓደኞቼ ግን እንደገና ፈረሙ። ሁላችንም ሴቶች ስለሆንን አድልዎ ነው ማለት አትችይም ይሉኛል። መብት አለኝ?

መልስ፦ እህታችን፣ አለዎት፤ ነገር ግን ጊዜው እየሄደብዎት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ስለዚህ የቀረዎት 1 ወር ገደማ ብቻ ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ የገንዘብ ችግር እንዳያዘገይዎት።

አሠሪው «አላባረርኳትም፣ ውሉ በራሱ ጊዜ አበቃ» ማለቱ አይቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ በየዓመቱ ወቅት ጠብቆ ለሚመጣ ሥራ ነው። የጉዳይዎ እምብርትም ይኸው ነው፦ ቡናው በሚገባበት ወቅት ብቻ ሠርተው ቢሆን ኖሮ አሠሪው የሚከራከርበት ነገር ባገኘ ነበር፤ እርስዎ ግን ክረምቱንም ስለሠሩ፣ ወረቀቱ 3 ወር ቢልም ሥራው ቋሚ ነው ብለው መከራከር ይችላሉ። ይህ ከተረጋገጠ አዋጁ እርግዝናን ለስንብት ምክንያት ማድረግን ይከለክላል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር የሚሰጠው ፈቃድም ይገባዎታል።

«ሁላችሁም ሴቶች ናችሁ» የሚለው ክርክር በሌላ አገር ተሞክሮ ወድቋል። በሆላንድ ዴከር የተባለች ሴት ለሥራው ብቁ መሆኗ ታምኖበት ሳለ ነፍሰ ጡር በመሆኗ ሳትቀጠር ቀረች፤ ሌሎቹ አመልካቾችም ሴቶች ነበሩ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 በሰጠው ፍርድ፣ በእርግዝና ምክንያት ሥራ ሊነፈግ የሚችለው ለሴት ብቻ ስለሆነ ድርጊቱ ቀጥተኛ የጾታ አድልዎ ነው፣ የአሠሪው የገንዘብ ኪሳራም ምክንያት አይሆንም አለ። ይህ ፍርድ የጅማን ዳኛ አያስገድድም፤ በአገራችን የሥር ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድደው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ነው። አመክንዮው ግን ከክስዎ ጋር ሊቀርብ የሚገባው፣ እኔም ከልብ የምቀበለው ነው።

የፈረሟቸውን ውሎች በሙሉ ይሰብስቡ። በተለይ በክረምት ወራት ደመወዝ የፈረሙበትን ማስረጃ፣ ከሌለዎትም አብረውዎት የለቀሙ 2 ወይም 3 ምስክሮችን ይዘው በዚህ ሳምንት ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሂዱ።