ክብደት ሲያነሱ ትንፋሽ መያዝና የደም ቧንቧ

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጂም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በቅርቡ ግፊቴ ተለክቶ 150/95 ተባልኩ። ስኳት (ክብደት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት) ሠርቼ ክብደቱን ሳስቀምጥ ዓይኔን ያጨልመኛል፤ የክንዴ ሥርም ይገተራል። ደም ሥሬ ይፈነዳ ይሆን? ልተወው?

መልስ፦ የሚገተረው ሥር አያሳስብዎ፤ ጡንቻ ሲወጠር ደሙ ወደ ቆዳ ሥሮች ይገፋል፣ ሲያርፉ ይመለሳል። እኛን ያሳሰበን የዓይንዎ መጨለም ከግፊትዎ ጋር መምጣቱ ነው። ትንፋሽ ይዘው ሲያምጡ የደረትና የሆድ ግፊት ያይላል፣ የደም ግፊትም አብሮ ይወጣል። በ1985 በታተመ ጥናት በሁለት እግር ከባድ ክብደት የገፉ ስፖርተኞች አማካይ ግፊት 320/250 ደርሶ ነበር። ክብደቱን ሲለቁት ግፊቱ በአንዴ ያሽቆለቁላል፤ ዓይን የሚጨልመው ያኔ ነው።

ጤነኛ ቧንቧ ይህን ለቅጽበት ይችለዋል። አኦርታ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ፣ አስቀድሞ ከሰፋ ግን ውስጠኛው ሽፋን ሊቀደድና ደም በግድግዳው ንብርብሮች መሃል ሊገባ ይችላል። መስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስለዚህ የልብ ሐኪም ዘንድ ሄደው ኢኮ (ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ) ይነሡ፤ በተለይ ከቤተሰብ በድንገት የሞተ ወይም አኦርታው የሰፋ ሰው ካለ። ስፋቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ከባድ ክብደት አይንኩ። ጡንቻ ማሳደጊያ ሆርሞን የሚወስዱ ከሆነም አይደብቁት፤ ግፊትም የደም ቅባትም ያበላሻል።

እስከዚያው ቀለል አድርገው ይሥሩ። አንዴ ብቻ ማንሳት የሚችሉት 80 ኪሎ ከሆነ 40 ኪሎ ይያዙ፤ ከ12 እስከ 15 ጊዜ፣ ገና ሁለት ሦስት ጊዜ ማንሳት እየቻሉ ያቁሙ። ግፊቱ በየድግግሞሹ ስለሚጨምር የመጨረሻዎቹ ናቸው አደገኞቹ። ሲነሡ ይተንፍሱ፣ ሲወርዱ አየር ያስገቡ። ድምፅዎን አውጥተው ይቁጠሩ፤ ድምፅዎ ከተቆረጠ ትንፋሽ ይዘዋል፣ ክብደቱ በዝቷል ማለት ነው። በዙር መሃል ሁለት ደቂቃ ይረፉ። ከመጀመርዎ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጠው ግፊትዎን ይለኩ፤ 160/100 ከሆነ በእግር ጉዞ ይብቃዎ፣ 180/110 ከደረሰ አይሥሩ። ካፌይን ያለበትን የጂም ዱቄት ይተዉት።

ደረትዎን ወይም በትከሻ አጥንቶችዎ መሃል ድንገት የሚሰነጥቅ ሕመም ከተሰማዎት ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ አስፕሪን በራስዎ አይውሰዱ፣ ቧንቧው ተቀዶ ከሆነ መድማቱን ያባብሰዋል። አንድ ክንድዎ ብቻ አብጦ ቢጠቁር ወይም ቢከብድዎት ደግሞ ከአንገት አጥንት ሥር ባለው ደም መላሽ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይታዩ፤ ወለምታ ነው ብለው ወጌሻ ዘንድ አይታሹ፣ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል።