ሥር ለምትምሱ ልጆቼ

ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ የመድኃኒት ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ሲራገፍ ባየሁ ቁጥር እጄ አያርፍም። አገላብጬ የማየው ውፍረቱን ነው። የአውራ ጣት ያህል ከሆነ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ክንድ የሚያህል የብሳና ሥር ካየሁ ግን ዛፉ ወይ ወድቋል፣ ወይ ሊወድቅ ነው።

በደን ባለሙያነት 30 ዓመት ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ስመላለስ የማውቃቸው አንድ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ጳጉሜን ሲገባ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ይወጣሉ፤ መንገድ ላይ ሰላም ቢሏቸው አይመልሱም። በወጣትነቴ እስቅባቸው ነበር። አሁን ሳስበው ዛፉን ያቆየው ያ ምሥጢር ነው፦ ቦታውን የሚያውቀው አንድ ሰው፣ የሚቆረጠውም አንድ ስንዝር። ዛሬ ቦታውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ መለኪያውም ከረጢት ሆኗል።

አንድ ጠዋት ለምኜ ተከተልኋቸው። ከግንዱ ሦስት እርምጃ ያህል ራቁና አፈሩን በሾለ እንጨት ጫሩ። ወደ ጎን የሄደ ቀጭን ሥር ሲያገኙ በጣታቸው ተከትለው በተሳለ ቢላዋ አንድ ጊዜ ቆረጡት። ቁልቁል ወደሚወርደው ዋና ሥር አልተጠጉም። አፈሩን መልሰው በእግራቸው ጠቀጠቁ፤ የረገፈ ቅጠልም አለበሱት። በማግስቱ ቦታውን ብፈልግ አጣሁት።

ዛፍ ውኃ የሚስበው በቀጫጭኖቹ የሥር ጫፎች ነው፤ ከነፋስ የሚይዙት ደግሞ ወፍራሞቹ ናቸው። በዶማ የተፈለጠ ሥር ቶሎ አይድንም፤ በቁስሉ ፈንገስ ይገባል። ሳይደፈን የቀረ ጉድጓድ በበጋ ሥሩን ያደርቃል፣ በክረምት ጎርፍ ይጠራበታል።

እኔም በድያለሁ። ለማስተማሪያ ሥር አስፈልጎኝ አንዱን ብሳና በሦስት ወገን አስቆፈርሁት። በጋውን ለምለም ሆኖ ከረመ፤ እኔም ምንም አልሆነም ብዬ አወራሁ። ሐምሌ ላይ አፈሩ ሲርስ በአንድ ሌሊት ተጋደመ። ዛፍ ቶሎ አያቃስትም፤ እናንተንም የሚያታልላችሁ ይኸው ነው።

ስለዚህ በአንድ ወገን ብቻ ውሰዱ፤ ዓመት ሳይሞላም አትመለሱበት። ለጋውን እለፉት። ቅጠሉ ለዚያው ሕመም የሚበቃ እንደሆነም አዋቂውን ጠይቁ፤ ሥር የሚፈለገው ለገበያ ስለሚደርቅና ስለሚከማች እንጂ ስለሚበልጥ ላይሆን ይችላል። ልጣጭ ስትልጡም ግንዱን ዙሪያውን አትግፈፉ። ልጣጩ ለመድኃኒት የሚፈለገው ጥቁር እንጨት የተባለው ዛፍ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች እንዲህ እየደረቀ ተመናምኖ፣ በፈረንጆች 1995 ዓለም አቀፍ ንግዱ በቁጥጥር ሥር ገብቷል።

ሥሩ የሚታጠነው ቀበርቾ ለብቻው ነው። ዛፍ አይደለም፤ ሥሩ ሲነቀል ተክሉም አብሮ ያልቃል። የሚበቅለውም በአገራችን ብቻ ነው። ዘሩ በስሎ ሳይረግፍ የሚነቅል ሰው የመጪውን ዓመት ጭስ ዛሬ ያጨሳል።

የእርሻ ዳር ያላችሁ ብሳና ትከሉ፤ ጫካ መውጣትም ይቀርላችኋል። ፍሬው ሦስት ክፍል አለው፤ ሲደርቅ ይፈነዳና ዘሩ ይበተናል። ስለዚህ መፈንዳት ሳይጀምር ለቅማችሁ ጥላ ውስጥ አስጡት፤ ሳይቆይም የችግኝ መደብ ላይ ዝሩት።