ለትንሿ የጽሑፍ ስክሪን ርካሽ የዩኤስቢ ማገናኛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባለ 16 በ2 ኤልሲዲ (በሁለት መስመር፣ በእያንዳንዱ 16 ፊደል የሚያሳይ ስክሪን) ቤትህ ካለው የሊኑክስ ሰርቨር ጋር በዩኤስቢ ስለማገናኘት ነው። የአይፒ አድራሻና ሙቀት እንዲያሳይህ፣ በአማርኛም እንዲጽፍልህ ትፈልጋለህ። ተሠርቶ የሚሸጠው ተወዶብሃል። እኔ ሠርቼ የምጠቀምበት ስለሆነ የማውቀውን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ከዜሮ አትጀምር። ኤልሲዲቱዩኤስቢ የሚባል ኦፕን ሶርስ ሥራ አለ፤ ሰርኪዩቱም ፈርምዌሩም (ቺፑ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም) ክፍት ነው። ደስ የሚለው ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ኤልሲዲፕሮክና ኤልሲዲፎርሊኑክስ የተባሉት፣ ከሊኑክስ እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ቀድመው ያውቁታል። የራስህን ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ከፈጠርክ ግን ሶፍትዌሩንም ስትጠግን ልትኖር ነው።

ዋናው ቺፕ ኤቲሜጋ8 ነው። በውስጡ ዩኤስቢ የለውም። ቪ-ዩኤስቢ የተባለው ኮድ ግን ዝቅተኛውን የዩኤስቢ ፍጥነት፣ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት፣ በሶፍትዌር ብቻ ይሠራለታል። ለ32 ፊደል ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ዜነሮቹ (ቮልቴጅ የሚገድቡት ዳዮዶች) ላይ ነው። ቺፑ በ5 ቮልት ስለሚሠራ የዳታ መስመሮቹን ዝቅ የሚያደርጉ ሁለት የ3.6 ቮልት ዜነሮች ያስፈልጋሉ። ግማሽ ዋት ወይም ከዚያ ያነሱትን ግዛ። የ1 ዋቶቹ ካፓሲታንሳቸው (ቻርጅ የመያዝ አቅማቸው) ከፍ ስለሚል ሲግናሉን ያበላሹታል፣ ኮምፒውተሩም ዕቃውን አያየውም። ሰው ግን ኮዱን ሲጠራጠር ይውላል።

ፈርምዌሩን ለመጫን ፕሮግራመር (ፕሮግራሙን ቺፑ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ) ከሌለህ አርዱኢኖ ቦርድ ያገለግልሃል። ፊውዞቹን (የቺፑን መሠረታዊ ቅንብሮች) ስትጽፍ የውጭውን ክሪስታል (የቺፑን የሥራ ምት የሚሰጠውን) መምረጥህን ደጋግመህ አረጋግጥ፤ ያለ እሱ ዩኤስቢው አይነሳም።

ስክሪኑ ላይ ምንም ካልታየ መጀመሪያ የኮንትራስት ማስተካከያዋን አዙር። የላይኛው መስመር ብቻ በጥቁር ሳጥኖች ከተሞላ ግን ኤሌክትሪክ ደርሶታል፣ ትእዛዝ አልደረሰውም ማለት ነው። ያኔ የዳታ ሽቦዎቹንና ብየዳውን ፈትሽ።

አማርኛውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። የእነዚህ ስክሪኖች ቺፕ ኤችዲ44780 ወይም አምሳያው ነው። የኛ ፊደል በውስጡ የለም። በራስህ መሳል የምትችለው በአንድ ጊዜ 8 ምልክት ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም 5 በ8 ነጥብ። «ሰላም» ይወጣል፣ «ሙቀት»ም ይጨመራል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን አይታሰብም፤ እንደ «ጨ» ያሉት ደግሞ በ5 ነጥብ ስፋት ለማንበብ ያስቸግራሉ። አማርኛው የግድ ከሆነ ባለ 128 በ64 ነጥብ ኦኤልኢዲ ስክሪን ይሻልሃል፤ እዚያ ላይ ፊደሉን እንደ ሥዕል ትልካለህ። ለአይፒና ለሙቀት ብቻ ከሆነ ኤልሲዲው ይበቃሃል።

ከኤልሲዲው ጀርባ የተጻፈውን ሞዴል ላክልኝ፣ የፒኖቹን ቅደም ተከተል አብረን እናያለን።