አረንጓዴ ሻይ ጠጡ፣ የእናቶቻችሁን ኪኒን ግን አታስጥሉ
ምክር ለዲያስፖራው፣ ከጅማ

በቡና አገር በጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕር ማዶ ሲሻገር ቡናውን በአረንጓዴ ሻይ ሲተካ ማየት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ነገሩ በራሱ ክፋት የለውም። ክፋቱ የሚመጣው ሻዩን እንደ ጸበል መቁጠር ሲጀምርና ይህንኑ እምነቱን በሻንጣ አሽጎ ለዘመድ ወዳጅ ይዞ ሲመጣ ነው። እኔ ረጅም ዘመን በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች ስሠራ ኖሬ ወደ ጅማ የተመለስሁ ሰው ነኝ። እዚያ ሳለሁ አዲስ መጤው ያችን በላቡ ያገኛትን ዶላር በምን በምን እንደሚያጠፋት አይቻለሁ፤ እዚህ ሆኜ ደግሞ የሚልከው ዕቃ በእናቱ ላይ ምን እንደሚያስከትል እያየሁ ነው። ስለዚህ ቃሌ ጠንከር ቢልባችሁ አትቀየሙኝ።

1. ወረቀታችሁን አስቀድሙ

የመኖሪያ ፈቃዳችሁንና የጤና መድናችሁን ጉዳይ ጨርሱ፣ ቋሚ ሐኪም ያዙ፤ የደም ግፊቱንና የስኳሩን መጠን የማያውቅ ሰው ሻይ ጠቀመኝ ወይም አልጠቀመኝም ሊል አይችልም።

2. ሻዩ በእርግጥ የሚሰጠው

ጥቁሩም ሆነ አረንጓዴው ሻይ የሚገኘው ከአንድ ተክል ነው። ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚጓዝ ሰው ውሽውሽ ላይ የሚያየው ያ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ማሳ፣ አሠራሩ ከተለወጠ፣ አረንጓዴ ሻይም ሊሆን የሚችል ቅጠል ነው። ለጥቁር ሻይ የሚፈለገው ቅጠል ጠውልጎና ተፈጭቶ አየር እያገኘው እንዲጠቁር ይተዋል። አረንጓዴው ግን ትኩስ እንዳለ በጃፓን በእንፋሎት፣ በቻይና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጋለ ምጣድ ላይ እንዲሞቅ ይደረግና መጥቆሩ ይገታል። በዚህም ምክንያት ካቴኪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በብዛት ሳይለወጡ ይቀራሉ። ስለ አረንጓዴ ሻይ ጥቅም የሚነገረው አብዛኛው ነገር የተመሠረተው በእነዚህ ላይ ነው።

ከጥናቶቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በጃፓን ሚያጊ ግዛት፣ በኦሳኪ አካባቢ ተካሂዶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆነ 40,530 ሰዎች እስከ 7 ዓመት ድረስ ክትትል ሲደረግላቸው፣ በቀን 5 ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ከ1 ስኒ በታች ከሚጠጡት ይልቅ በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱት በሴቶች በ31 በመቶ፣ በወንዶች በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በካንሰር ሞት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ሰዎችን በየልማዳቸው የተከታተለ እንጂ ሻይ አጠጥቶ የፈተነ ስላልነበረ፣ ሻይ አዘውታሪው ሌላም ጥሩ ልማድ ሊኖረው እንደሚችል መርሳት አይገባም። ደግሞም የዚያ አገር ስኒ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ 5 ስኒ ማለት እናንተ ቢሮ ይዛችሁ በምትገቡት ትልቅ ኩባያ ሁለት ጊዜ ቢቀዳ ነው። ጃፓኖች እንዲህ ያደርጋሉ እያለ በቀን ሁለት ሊትር የሚግት ሰው ከማን እንደሰማው እኔ አላውቅም።

ከዚህ ሌላ፣ አረንጓዴ ሻይ መጥፎውን ኮሌስትሮልና የደም ግፊትን በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርግ በተለያዩ ሙከራዎች ታይቷል። በጥቂቱ ማለቴን አስምሩበት። ቦርጭ ያጠፋል ለሚሉት ደግሞ፣ በክብደት ላይ የተደረጉትን ሙከራዎች ሰብስቦ የመረመረው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት የ2012 እ.ኤ.አ. ግምገማ ያገኘው ቅነሳ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። በአንድ ስኒ ውስጥ ያለው ካፌይን ከቡናው በግማሽና ከዚያም በላይ ስለሚያንስ፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ጠዋት መተኛት ለሚፈልግ ነርስ ወይም የታክሲ ሹፌር ከቡና የተሻለ መሆኑን ግን እመሰክራለሁ።

3. አጠጣጡን እወቁበት

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። እናንተ ግን በባሕር ዳርቻ ከተሞች በ100 ዲግሪ የሚንተከተከውን ውኃ እንዳለ ቅጠሉ ላይ ትደፉበትና መረረን ትላላችሁ። ውኃው ፈልቶ ጥቂት ከበረደ በኋላ፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ቅጠሉን ጨምሩ፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ካቆያችሁት በቂ ነው። ሲቀዳም እያቃጠለ አትጠጡት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለን ማንኛውንም መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል።

ስኳሩን በተመለከተ ልቆጣችሁ ነው። ምሬቱን ለመግደል በአንድ ስኒ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር፣ በቀን አራት ስኒ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ያህል ስኳር ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ነው። እንግዲህ ሌላውን ምግብ ሳንቆጥር በሻይ ብቻ ቋፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ እንዲህ ተጠጥቶ ስለ ጤና ማውራት ራስን መሸንገል ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሩበት፣ ሎሚ ጨምቁበት፤ ስኳሩን ግን ተዉት።

ከምግብ ጋርም አታያይዙት። የእኛ ጤፍ፣ ሽሮና ምስር የያዙት ብረት በሻይ ምክንያት ወደ ሰውነት ለመግባት ይቸገራል። እንጀራው ከመሶብ ሳይነሣ ሻይ የመቅዳት ልማዳችን በተለይ ደም ማነስ ላለባቸው ሴቶችና ለነፍሰ ጡሮች አይበጅም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት መቆየት ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ነፍሰ ጡሯ የምትጠጣው ቡናና ሻይ ተደምሮ ካፌይኑ በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥም ትጠንቀቅ።

4. ሻንጣው

ወደ ዋናው ጉዳዬ ደረስሁ። ከቅጠሉ ወደ እንክብሉ ተሻገራችሁ። ስኒው ቀርቶ፣ ካቴኪኑ ተጨምቆ የታሸገበትን ብልቃጥ ትገዛላችሁ፤ ከዚያም ለእናት፣ ለአክስት፣ ለጎረቤት እያላችሁ ሻንጣ ትሞላላችሁ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ዋነኛውን ካቴኪን በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ ጉበት መጎዳቱን ከሚያሳዩ የደም ምርመራ ለውጦች ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ተፈልቶ የሚጠጣው ሻይ ግን በአጠቃላይ እንዲህ ያለ ስጋት የለበትም። ደኅናውን ትታችሁ አስጊውን፣ ያውም በውድ ዋጋ፣ መግዛታችሁን ልብ አላላችሁትም?

ባለፈው የገና ሰሞን፣ ከሂርማታ ገበያ ብዙም የማይርቁ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ብልቃጡን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል፤ ግማሹ ተወስዷል። አብሮት የተቋጠረው አምሎዲፒን የተባለው የደም ግፊት ኪኒን ቅጠል ግን ሁለት ፍሬ ብቻ ጎድሎት አቧራ ጠጥቶ ነበር።

«ይሄኛውን ለምን ተዉት እማዬ?» አልኋቸው።

«ልጄ የአሜሪካውን አመጣችልኛ! ይሄኛው ኩላሊት ይጎዳል አለችኝ።»

ግፊታቸውን ስለካው ላይኛው 190፣ ታችኛው 110 ነበር። ራስ ምታት እንዳለባቸው የነገሩኝ ስጠይቃቸው ነው፤ የብርዱ ነው ብለው ሰንብተዋል። ያን ዕለት ሆስፒታል ደረሱ፤ ኪኒናቸውን ቀጥለው ዛሬ ደኅና ናቸው። ልጃቸው ክፉ ሰው አይደለችም፤ እናቷን አብዝታ የምትወድ፣ ሁለት ሥራ የምትሠራ ናት። ነገር ግን የዚያ የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ የእናቷን የብዙ ወራት ኪኒን ይገዛ ነበር። ኩላሊትን የሚጎዳውም ቁጥጥር ያጣ የደም ግፊት ራሱ ነው፤ በኪኒኑ ያሳበበችው ግፊቱ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚያንገበግበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔም እናት በየሳምንቱ በስልክ «ደኅና ነኝ ልጄ፣ አንተ ብቻ ደኅና ሁን» ትለኝ ነበር፤ ግፊቷ ስንት ይደርስ እንደነበር የሰማሁት ለቅሶ ደርሼ ነው።

መድኃኒት ላይ ስላሉ ሰዎች ይህን ጨምራችሁ ያዙ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ አረንጓዴ ሻይ በብዛት ቢጠጣ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ሊያደናቅፍበት ይችላል። ናዶሎል የሚባለው የግፊት መድኃኒትም ከአረንጓዴ ሻይ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ስለዚህ ለማንም ሻይ ከመላካችሁ በፊት ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቁ። አላውቀውም ካላችሁ የመድኃኒቱን ቅጠል ፎቶ አስነሥታችሁ በስልክ አስልኩና ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስታችሁን አማክሩ፤ ይህ የሚጠይቀው የአምስት ደቂቃ ጊዜ ነው።

ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካላችሁ ደግሞ የግፊት መለኪያ ይዛችሁ ኑ። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ሳይሆን በላይኛው ክንድ ላይ የሚጠለቀውን ምረጡ፤ መጠቅለያው ከክንዳቸው ውፍረት ጋር የሚስማማ ይሁን፤ መለዋወጫ ባትሪም አትርሱ። ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለሠራተኛዋ አለካኩን አሳዩአቸው። እናት አምስት ደቂቃ ያህል አርፈው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ ቡናም ሻይም ሳይጠጡ ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ቁጥሩም በደብተር ይጻፍ። እሑድ ስትደውሉ ደኅና ነኝ የሚለውን ከሰማችሁ በኋላ ደብተሩን አንብቡልኝ በሏቸው።