መልስ፦ የልጄ አገጭ ወደ ግራ ዞረ

እህቴ፣ «የ8 ዓመት ልጄ አገጭ ወደ ግራ ሄዷል፤ ሲያድግ ይስተካከል ይሆን?» ላልሽው፣ ዝም ብለሽ አትጠብቂ።

ፊት ለፊትሽ አስቀምጪውና አፉን ቀስ ብሎ ይክፈት። ሲከፍት የላይና የታች የፊት ጥርሶቹ መሀል ለመሀል ገጥመው፣ ሲነክስ ብቻ አገጩ ወደ ጎን የሚሸሽ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የላይኛው መንጋጋ ጠቦ ነው፤ ጥርሶቹ አልገጥም ስለሚሉት ልጁ የታችኛውን እያንሸራተተ ይነክሳል። ይሄ ቀላሉ ነው። ላንቃ በሚያሰፋ መሣሪያ በወራት ይስተካከላል፤ ከቆየ ግን አጥንቱም እንደጠመመ ሊያድግ ይችላል።

ሲከፍት ይበልጥ የሚዞር ከሆነ ሌላ ነገር ነው። በአገጩ ወድቆ ያውቃል? የእህቴ ልጅ እዚሁ ኮዬ ፈጬ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ወድቆ አገጩ ተሰፋ፣ ቁስሉ ዳነ፣ ተረሳ። ጆሮው ሥር ያለው መገጣጠሚያ መሰበሩ የታወቀው ከ2 ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ራጅ ያዘዘ ሰው አልነበረም፣ አሁንም ያናድደኛል። የተጎዳው ጎን እድገቱ ይዘገያል፣ አገጭም ወደዚያው ይሄዳል።

ጠዋት ጠዋት መንጋጋው ድርቅ የሚልበት ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። ኦርቶዶንቲስት (የጥርስና የመንጋጋ አቀማመጥ የሚያስተካክል የጥርስ ሐኪም) ጋ ውሰጂው፣ የድሮ ፎቶዎቹንም ያዢ። ኦፕራሲዮን ካስፈለገም ብዙውን ጊዜ እድገቱ ሲያበቃ ነውና ከወዲሁ አትደንግጪ።