ውርስ አጣሪ ለሆንሽው እህት፦ የተዝካሩን ወጪ ለብቻው ጻፊው

«አባታችን ካረፉ በኋላ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ አድርጎ ሾመኝ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽው። እኔም የአባቴ ውርስ አጣሪ፣ ማለትም የሟችን ንብረትና ዕዳ ለይቶ ዕዳውን የሚከፍል ሰው፣ ነበርኩ። የወራሽነት ማስረጃ ምናምን የሚለውን እዘለዋለሁ፤ እሱን ጨርሰሽ ነው እዚህ የደረስሽው።

1. እናትሽ ካሉ መጀመሪያ የእሳቸው ድርሻ ይለይ። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ባሏን አትወርስም፤ የጋራ ሀብታቸው ግማሽ ግን የራሷ ነው፣ ውርስ ውስጥ አይገባም። እኛ ጋ ካርታው በአባባ ስም ስለሆነ ብቻ «ቤቱ የአባባ ነው» ያለ ነበር። እናቴ እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማች!

2. ባንክ የሹመት ወረቀትሽን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። እኔ የሄድኩበት ባንክ ያለችው ልጅ ወረቀቱን በቅጡ ሳታነብ «ይሄ አጣሪ እንጂ ወራሽ አይልም» ብላ ወረወረችልኝ። ሥራ አስኪያጁ ስልክ እያወራ በእጁ ወንበር አሳየኝና ረሳኝ። ፍርድ ቤቱ በቀጥታ ለባንኩ ትእዛዝ ሲጽፍ ያቺው ልጅ «ጋሼ» አለችኝ። ስለዚህ ትእዛዙ እንዲጻፍልሽ ቀድመሽ አመልክቺ።

3. ዕዳ። ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1014 ተራ አስቀምጧል፦ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ የማስተዳደሩና የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ ቀለብ (ሟች ይጦራቸው ለነበሩ ሰዎች የሚሰጠው)፣ መጨረሻ ላይ የኑዛዜ ስጦታ። ታላቅ ወንድሜ የተዝካሩን ሒሳብ «የቀብር ነው» ብሎ አመጣልኝ። በሬው፣ ድንኳኑ፣ የጠላው ጌሾ ሳይቀር አለበት። ሕጉ ደግሞ ተዝካር ከቀብር ወጪ አይቆጠርም ይላል፣ እዚያው ቀጥሎ 1015 ላይ። አባቴ ለሚኒባሱ ጥገና ከጎረቤት የተበደሩት ብር ነበር። ተዝካሩን ከቀብር ጋር ብደምረው ቀድሞ ይወጣና ለሰውየው የሚተርፈው ይቀንሳል። እምቢ አልኩ። አክስቶቼ «ለአባቱ ተዝካር የሚሰስት ልጅ» አሉኝ፤ አንዷ እስካሁን በሩቁ ነው ሰላም የምትለኝ። ድግሱን እኮ እኔም በልቻለሁ፣ አልካድኩም! ግን የደገሰው ወራሽ ነው፤ ወራሾች ከፈለጉ ከየድርሻቸው ያዋጡለት። ኋላ የአበዳሪው ጠበቃ ችሎት ፊት መጀመሪያ የጠየቀኝ «የተዝካሩ ወጪ የት ገባ?» ብሎ ነው። ደብተሬን ገልጬ አሳየሁት። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

«ሚኒባሱን ሸጠን እንካፈል፣ ዕዳው ይደርሳል» የሚልም ይመጣብሻል። ዕዳው ሳይዘጋ አንድ ብር እንዳታከፋፍዪ። አንዴ ከተከፋፈለ ማን ይመልስልሻል? ወንድሜ ይህንኑ ሲለኝ ዝም ማለቴን እንደ ንቀት ቆጥሮት ነበር፣ ይቁጠረው።

4. ደረሰኝ የሌለውን ወጪ ከነምስክሩ ስም ጻፊ። ሪፖርቱን ለፍርድ ቤት ከማስገባትሽ በፊት ለእያንዳንዱ ወራሽ ኮፒ ስጪና አስፈርሚ። ወንድሜ አልፈርምም አለ። «ኮፒ ደርሶታል፣ አልፈርምም ብሏል» ብዬ ከሥሩ ጽፌ አስገባሁት።